የእታለምን የጫጩት ገጽ ማሳነስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም አክስቴ ናቸው፤ ሰፈሩም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ከባሕር ዳር ወደ መሸንቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ጫጩት ያሳድጋሉ። የአንድ ቀን ጫጩት ከመፈልፈያ ይረከቡና ክትባቱን እያስከተቡ እስከ 45 ቀን ያቆያሉ፤ ከዚያ ለገበሬውም ለከተሜውም ይሸጣሉ። ገዢዎቻቸው የከተማው ሰዎችና ከመርዓዊ፣ ከአዴት፣ ከአንዳሳ፣ ከጢስ ዓባይ የሚመጡ ናቸው። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹን ይይዝላቸው የነበረው ወጣት ሥራ ቀይሮ ስለሄደ ኃላፊነቱን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ተረክቤአለሁ። የምሠራውን እዚህ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ።

የተረከብኩት ከ14 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ፣ 3 ሺህ ያህል አባላት ያሉት የቴሌግራም ቻናልና አንድ የቲክቶክ አካውንት ነው። ለአንድ የጫጩት ማሳደጊያ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ እታለምም ለእንግዳ ሲናገሩ ደስ እያላቸው ነው።

ዛሬ ግን ከጎናቸው ተቀምጬ የመጣውን ገዢ ሁሉ «ከየት ሰምተው መጡ?» እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። «ጎረቤቴ ነገረችኝ»፣ «እኅቴ አምና ከዚሁ ወስዳ ነበር»፣ «የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ጠቆመችኝ» ይላሉ። ገጹን ያነሳ አንድም ሰው የለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ፌስቡክ ለገጽ ባለቤቶች የሚያሳየውን የተከታዮች መረጃ ከፈትኩ። ተከታዮቹ በየትኛው ከተማና አገር እንደሚኖሩ በተርታ ይዘረዝራል። ከላይ ከሰፈሩት ከተሞች አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ ውጭ ናቸው፤ ባሕር ዳርን ለማግኘት ዝርዝሩን ወደ ታች ብዙ መውረድ ነበረብኝ። የተከታዮቹን ስም አንድ በአንድ ሳይ ደግሞ ፎቶ የሌላቸው፣ አንድም ነገር ጽፈው የማያውቁ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን የሚከተሉ ናቸው። የተገዙ ተከታዮች መሆናቸው ግልጽ ነው።

ለእታለም እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።

ጥቅምት 10

ነገርኳቸው። ብዙም አልተገረሙም። «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ጫጩት አይገዙም?» አሉኝ። አይገዙም አልኳቸው። «እንግዲያስ ለምን ይቀመጣሉ?»

ጥያቄው ልክ ነው። ጫጩት በፖስታ አይላክም። ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን ተጭኖ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቢበዛ በግማሽ ቀን ውስጥ ገዢው ቤት መድረስ አለበት። ስለዚህ ለእኛ ተከታይ ማለት ጠዋት ከቤቱ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ይዞ መመለስ የሚችል ሰው ነው። ሐዋሳ ያለ ወዳጅ ቢወደንም ልንሸጥለት አንችልም። የሥራችን ወሰን ከወዲሁ ታውቆ ሳለ ገጹ ወሰን እንደሌለው ሆኖ ሲለፋ ኖሯል።

ጉዳቱ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ፌስቡክ አንድን ጽሑፍ ለማን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ሰዎች ምላሽ ይሰጡበታል ብሎ በሚገምተው መጠን ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፎችን እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ የንግድ ገጾች ጽሑፍ የሚደርሰው ሰው በብዙ ቀንሷል። እንዲህ በጠበበ መንገድ ላይ የማይሰሙ ሺዎችን ማሰለፍ ለሚሰማው ሰው መድረስን ያከብዳል። መርዓዊ ያለችው ገዢ «ጫጩት ደርሷል» የሚለውን ማስታወቂያ ሳታይ የምትቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥቅምት 14

የእታለምን ደብተሮች አወጣን። በቢክ የተጻፉ፣ ጠርዛቸው በመኖ አቧራ የተበላ አሮጌ ደብተሮች ናቸው። ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የተወሰደው የጫጩት ብዛት፣ ቀን። አንዳንዱ ጋ እታለም በራሳቸው ምልክት «ከፍላለች»፣ «ቀሪ አለባት» ብለው ጽፈዋል። አንድ ገጽ ላይ ከስሙ ጎን «ቤቱ ነፋስ ይገባዋል» የሚል አለ። ይህን ሳነብ እጄ ቆመ። 14 ሺህ ተከታይ ካለው ገጽ ላይ ስለ አንድም ሰው ይህን ያህል አናውቅም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጾቹ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ነበር። እታለም ግን ጫጩት መሸጥ አላቆሙም። ደብተራቸውን ይዘው እየደወሉ ነው የሸጡት። ያኔ የተረፈው ተከታይ ማን እንደሆነ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሥራዬ የሚነሳው ከእነዚህ ስሞች ነው።

ጥቅምት 22

የተገዙትን ከፌስቡኩ ገጽ ለማስወጣት ሞክሬ ነበር። አንድ በአንድ ካልሆነ አይቻልም፤ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። ስለዚህ ከእታለም ጋር እንዲህ ተስማማን፦ የፌስቡኩ ገጽ እንደ ሱቅ ታፔላ ይቆያል። ምን እንደምንሸጥ፣ የት እንዳለን፣ በስንት ሰዓት እንደምንከፍት ይናገራል፤ ከዚያ በላይ ጉልበት አናፈስበትም። የቴሌግራሙ አሮጌ ቻናልም እንደዚያው። ከደብተሩ ተነስተን አዲስ የቴሌግራም ቡድን እንከፍታለን። ቻናል ሳይሆን ቡድን ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ቻናል ላይ የምንናገረው እኛ ብቻ ነን፣ ቡድን ላይ ግን ገዢዎቹም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።

መግቢያው ሁለት ነው። ወይ ከዚህ በፊት ከእኛ ወስዶ የሚያውቅ፣ ወይ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተያይዞ የመጣ።

ኅዳር 3

ለደብተሩ ሰዎች እየደወልን እየጋበዝን ነው። ይህ ሥራ ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው «እሺ» ብሎ ወዲያው አይዘጋም። የዶሮዎቹን ደህንነት ይነግሩናል። የሞተውን፣ የታረደውን፣ እንቁላል የጀመረውን፣ ሸለምጥማጥ የበላውን። እታለም ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ይሰማሉ፤ እኔ አዲሱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ብዙዎቹ እናቶች ስማርት ስልክ የላቸውም። ስልኩ የልጃቸው ነው፣ ወይም የጎረቤት ልጅ። ስለዚህ አንድ አባል ስንል አንዳንዴ አንድ ግቢ ሙሉ ነው፣ አንዳንዴም ግማሽ መንደር። መሸንቲ ያለች አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እናቷንና ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ወክላ ገብታለች፤ የምንጽፈውን ማታ ቡና ላይ ታነብላቸዋለች። በዚህ ምክንያት ጽሑፉን አሳጥረን የድምፅ መልእክት አብዝተናል። እታለም ራሳቸው ይናገራሉ። ድምፃቸውን የሚያውቅ ሰው ጽሑፍ ከሚያነብ ይልቅ በደንብ ያደምጣል።

ከአንዳሳ የገቡት ጥቂት ናቸው፤ ግን ጥያቄያቸው ጠንካራ ነው። በአካባቢያቸው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ስላለ ስለ ዝርያ ሰምተዋል። «ሳሶ ነው ወይስ ቦቫንስ? ኮኮክ ታመጣላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቦቫንስ ብራውን ለእንቁላል ነው፤ በደንብ ከተያዘ በዓመት 300 ገደማ ይጥላል፣ ግን መኖው ካልተሟላለት አይሆንም። ሳሶ ለእንቁላልም ለሥጋም ይሆናል፣ ግቢ ውስጥ እየተሯሯጠ የሚለቅመውንም ይጠቀምበታል። ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉሩ ኮኮክ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ላባው የአገራችንን ዶሮ ስለሚመስል ገበሬው ይወደዋል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስለምትሰጥ ልዩነቱ ለማንም አይጠፋውም። ይህን ሁሉ እታለም በአንድ የድምፅ መልእክት መለሱት። ሌሎቹ አባላትም ደጋግመው አደመጡት።

ኅዳር 18

ጾመ ነቢያት ገብቷል። የእንቁላል ገበያ ቀዝቅዟል፣ ቡድኑም ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ሊያስፈራኝ ሞክሮ ነበር፤ ከእኔ በፊት ገጾቹን የያዘው ወጣት በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይለጥፍ ነበርና። አሁን በሳምንት ሁለት መልእክት ብቻ ነው የምንልከው፤ ሲላክ ግን የሚጠቅም ነገር ይዞ ነው።

በዚህ ሳምንት ብርዱ ስለጀመረ የሙቀት ነገር ነገርናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ቴርሞሜትር ለሌለው ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከሙቀቱ ምንጭ ሥር ተደራርበው ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ከምንጩ ሸሽተው ግድግዳ ጥግ ከያዙና አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱ ሞቋቸዋል፤ በክፍሉ ሁሉ ተበትነው ከለቀሙ ደህና ናቸው። እኛ ጋ የሚገዛው የ45 ቀን ስለሆነ ይህን ያህል ሙቀት አይፈልግም። ሆኖም አንዳንዶቹ አባላት የአንድ ቀን ጫጩት ከሌላ ቦታ ወስደው ያሳድጋሉ፤ እታለም «ከእኛ አልገዙትም ብለን እንዲሞትባቸው አንተውም» ስላሉ ጨመርነው።

ከላክንላቸው አባላት ብዛት ጋር ሲነጻጸር የሰማው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ከሰሙት ደግሞ ብዙዎቹ መልሰው ጽፈዋል ወይም ደውለዋል። አሮጌው ቻናል ላይ ተመሳሳዩን መልእክት ለጥፌ ነበር፣ ለማነጻጸር። ከ3 ሺህ አባላት መካከል ምላሽ የሰጠ የለም።

ታኅሣሥ 5

ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

ማታ አንዲት የመርዓዊ ገዢ የድምፅ መልእክት ላከች። «እታለም፣ ጫጩቶቹ መኖ አልበላ አሉኝ፣ ምን ልስጣቸው?» አጭር ናት፤ አንድ ደቂቃ አትሞላም። እታለም እጃቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ጠርገው ስልኩን ተቀበሉና ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ሰሙት። እንደገና አስጀመሩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙት የሴትየዋን ንግግር እየሰሙ አልነበረም፤ ከኋላ ያለውን ነበር። «ስሚ» አሉኝ። ከንግግሩ ሥር ከፍ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ የሚወጋ ጩኸት አለ። የደህና ጫጩት ድምፅ ዝቅ ያለና የሚቆራረጥ ነው፤ እየለቀመ እያወራ እንደማለት ነው። ይሄኛው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮኹት ነው።

«በርዷቸዋል እንጂ አልታመሙም» አሉ እታለም። ወዲያው ደወሉ። «ልጄ፣ መድኃኒት አትግዢ። መስኮቱ በየት በኩል ነው? ጉዝጓዙስ እርጥብ ነው?» ሴትየዋ ሄዳ ዳሰሰች። እርጥብ ነው። መጠጫው ተገልብጦ ኖሯል። ጭዱን እንድትቀይር፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት እንድትሸፍን፣ ከሰሉን ጭሱ ካለቀ በኋላ እንድታስገባና ለአየር መውጫ ከላይ ክፍት እንድትተው ነገሯት። በማግስቱ ጠዋት ሌላ መልእክት መጣ። የላከችው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርሷ አልተናገረችበትም። ዝቅ ያለ የጫጩት ጫጫታ ነው። እታለም እሱንም ሁለት ጊዜ ሰሙት።

ያ መልእክት ቡድኑ ላይ ስለተላከ ሁሉም ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ ችግር ያለበት ሰው የጫጩቶቹን ድምፅ ጨምሮ ይልካል። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ እነርሱ ናቸው ያመጡት። ይህ ነገር በ14 ሺህ ሰው መካከል ሊሆን አይችልም። መልእክቶቹ ቢደርሱን እንኳ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ የሚሰማ ጆሮ ከየት ይመጣል?

ታኅሣሥ 23

ገና ደርሷል፤ ሳምንቱ ከባድ ነበር።

የእታለም ትንሹ ልጅ አዲስ የመጡ ጫጩቶች ከካርቶን ሲለቀቁ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጠፈ። ቢጫ ጫጩቶች ጉዝጓዙ ላይ ሲፈሱ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው፤ ለማየት ያምራል። በአንድ ሌሊት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አየው። ልጁ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ከማግስቱ ጠዋት ጀምሮ የእታለም ስልክ አላረፈም። ከጅማ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ፣ ከዓረብ አገር። «ዋጋው ስንት ነው?» «ወደዚህ ትልካላችሁ?» «እንዲሁ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።» ሁሉም መልካም ሰዎች ናቸው፤ እታለምም ለሁሉም በትሕትና መለሱ።

በዚያው ጠዋት አንዲት የአዴት ደንበኛ ቀብድ በቴሌብር ልካ ቄቦቿን (እንቁላል ያልጀመሩ ወጣት ዶሮዎቿን) ለመውሰድ ተዘጋጅታ ነበር። መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ በየትኛው መኪና ብትመጣ እንደሚሻል ለመጠየቅ ስትደውል ስልኩ ተይዟል። ደጋግማ ሞከረች። አልሆነላትም። የመጣችው በማግስቱ ነው፣ የገበያ ቀኗን ትታ። ለአራት ዓመት ከእኛ ስትገዛ የኖረች ሰው ናት። ምንም ቅሬታ አላሰማችም፤ ለእኔ ግን ከመቶ ሺህ ተመልካች ይልቅ የእርሷ አንድ ቀን ከብዶኛል።

ከቪዲዮው የተገኘ ሽያጭ የለም። ቪዲዮውን አላጠፋነውም፤ ልጁ የደከመበት ነው፣ ያምራልም። ነገር ግን ስልክ ቁጥሩን አንስተን «ሽያጫችን ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ብቻ ነው» የሚል ጻፍንበት። ለቡድኑ አባላት ደግሞ ሌላ የስልክ መስመር አወጣን፤ እርሱን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ቪዲዮው በታየ በሁለተኛው ቀን ተከታይ የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ይጽፉልን ጀመር። ዋጋ ዘርዝረው፣ «በአንድ ቀን ውስጥ» ብለው። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ሐሰተኛ ተከታይ መግዛትን ይከለክላሉ፤ ሲያገኙም ያጠፋሉ። መልስ አልሰጠሁም።

ጥር 16

አንድ የመኖ አከፋፋይ መጥቶ ነበር። ገጻችን ላይ ምርቱን ብናስተዋውቅለት በየወሩ ገንዘብ እንደሚከፍል ነገረን። መስፈርቱ ከ10 ሺህ ተከታይ በላይ ነው። የፌስቡኩ ገጽ ያሟላል። የሚከፈለው ገንዘብ የከሰሉን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ ይህ ለእታለም ትንሽ ነገር አይደለም።

እታለም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ «መኖውን እዚህ አምጥተህልኝ ዶሮዎቼ ለጥቂት ሳምንት ይብሉት፤ ከበጀ እኔው ራሴ ለሰዎቼ እነግራለሁ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን።» ሰውዬው ጥቂት ካሰበ በኋላ እርሱ የሚፈልገው ማስታወቂያው በብዙ ሰው እንዲታይ መሆኑን ነገራቸው። አዲሱን ቡድን አሳየሁት። የአባላቱን ቁጥር አየና በትሕትና ተሰናብቶን ሄደ።

ገንዘቡ ቀርቶብናል፤ የከሰል ወጪው አሁንም አለ። እኔ ግን የእታለምን ውሳኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ቡድኑ ላይ ያሉት ሰዎች እታለም «ይህ መኖ ጥሩ ነው» ቢሉ ሄደው ይገዛሉ። ከልጃቸው የትምህርት ቤት ወጪ ቀንሰው ይገዛሉ። እንዲህ ያለ እምነት ያለበትን ቃል ያልቀመሱትን መኖ ለማሞገስ ማዋል አይገባም። የፌስቡኩ ገጽ ላይ ቢለጠፍስ? የሚያየው ስለሌለ ለአከፋፋዩም ማታለል ይሆን ነበር።

የካቲት 24

ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሆነ። እስከ ሚያዝያ 12 ድረስ እንቁላል በከተማው አይፈለግም ማለት ይቻላል፣ ቄብ የሚገዛም ጥቂት ነው። ይህን ጊዜ ለክትባት ለማዋል አሰብን። ቡድኑ ለምን እንደሚጠቅም ከሁሉ በላይ የታየኝም በዚህ ሥራ ነው።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሲገባ አንድ መንደር ዶሮ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። እኛ የምንሸጣቸው ቄቦች የማሬክስ በሽታን ክትባት ከመፈልፈያው፣ የጉምቦሮ በሽታንና ለፈንግል የሚሰጡትን ኤች ቢ ዋንና ላሶታ ደግሞ ከእኛ ዘንድ ተከትበው ይወጣሉ። ላሶታ ግን በየሦስት ወሩ ገደማ መደገም አለበት፤ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ይህን የሚያስታውስ የለም። ሌላው ችግር ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። አሥር ዶሮ ያላት እናት ሙሉ ብልቃጥ ገዝታ አብዛኛውን ትደፋዋለች፤ ስለዚህ አትገዛም።

ደብተሩን ገልጬ ጊዜያቸው የደረሰውን በመንደር በመንደር መደብኩ። መሸንቲ ብቻ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ብዙ ግቢ ተገኘ። ያቺ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስማቸውንና የዶሮዎቻቸውን ቁጥር ሰብስባ ላከችልን። ዋጋውን ተካፈሉት። ክትባቱ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመጣ ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በረዶ በሞላበት ፔርሙዝ ይዞት መጣ።

ከቀኑ በፊት ማታ ለእነዚህ ግቢዎች ብቻ እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ተልኮ ነበር፦ የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ አዘጋጁ፤ ጠዋት መጠጫውን ለሁለት ሰዓት ያህል አንሱባቸው፣ እንዲጠማቸው። ጠዋት ስንደርስ በየግቢው ንጹሕ ጀሪካን ተቀምጧል። ባለሙያው ውኃው ላይ መጀመሪያ ትንሽ የወተት ዱቄት በተነ፣ ለክትባቱ መከላከያ እንዲሆን። ከዚያ ብልቃጡን ውኃው ውስጥ እንዳለ ከፈተው። ሴቶቹ ከግቢ ግቢ በፍጥነት እየተቀባበሉ አዳረሱት። የመጨረሻዋ ግቢ ጊዜው ሳያልቅ ተዳረሰች፤ ብልቃጡ ውስጥ የተረፈ አልነበረም።

ባለሙያው ይህን ያህል ግቢ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረን። የሚቀጥለው ዙር የት እንደሚሆን ጠየቀኝ፤ መርዓዊ ነው አልኩት።

መጋቢት 19

ቡድኑ ላይ ጠንካራ ቅሬታ ቀርቦብናል። የጢስ ዓባይ ገዢ ናቸው፣ አባወራ። ከወሰዷቸው ቄቦች ውስጥ በርከት ያሉት በመንገድ እንደሞቱባቸው፣ «የታመመ ሸጣችሁልኝ» ብለው በሁሉም ፊት ተናገሩ። ከአባላቱ አንዱ «መልእክቱን አጥፊው» ብሎ በግል ጻፈልኝ። አላጠፋሁትም። እታለም እዚያው ቡድኑ ላይ በድምፅ መለሱ፦ «ጋሼ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። በየትኛው ሰዓት ተጫኑ? መኪናው ላይ የት ተቀመጡ?» ከቀትር በኋላ፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ካርቶኖቹ ተደራርበው። ከዚያ በኋላ እኛ ምንም አላልንም፤ ሌሎቹ ገዢዎች ናቸው የነገሯቸው። አንዷ «እኔም እንደዚያ ጠፍተውብኛል፣ አሁን በጠዋት ነው የምወስደው፣ ካርቶኑን ከእግሬ ሥር አድርጌ» አለች። እታለም የጋሼን ኪሳራ ግማሹን በሚቀጥለው ዙር ለመካፈል ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለሩቅ መንገደኛ አንጭንም፤ ካርቶን ጣሪያ ላይ ለሚጭን መኪናም አናስረክብም።

አሮጌው ገጽ ላይ ቢሆን ይህ ቅሬታ ወይ አይታይም ነበር፣ ወይ ከማናውቃቸው ሰዎች ስድብ ጋር ተደባልቆ ይጠፋ ነበር።

ሚያዝያ 21

ፋሲካ አልፏል። ከበዓሉ በኋላ ሁልጊዜ የቄብ ፍላጎት ይነሳል፤ ምክንያቱም አሁን የሚወሰድ የ45 ቀን ቄብ በአምስት ወሩ ገደማ እንቁላል ይጀምራልና ለመስከረምና ለጥቅምት ይደርሳል። በቀደሙት ዓመታት እታለም ከመፈልፈያ የሚያዙትን ብዛት በግምት ነበር የሚወስኑት። አንዳንዴ ይበዛና መኖ እየበላ ይቀመጣል፣ አንዳንዴ ያንስና ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዘንድሮ ቡድኑን ጠየቅን፤ ለማን፣ ስንት፣ የትኛው ዝርያ። መልሱ ከቀበሌና ከስልክ ጋር ደብተሩ ላይ ገብቷል። ቀብድ ያስያዙትን ለይተን ትዕዛዙን በእነርሱ ልክ አዘዝን፣ ጥቂት ለመንገደኛ ገዢ ጨምረን። የአባላቱ ቁጥር አሁንም ከአሮጌው ቻናል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በወራት ውስጥ ያደገው ጥቂት በጥቂት ነው። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ማን እንዳመጣው ግን እናውቃለን። ከዚህ በፍጥነት እንዲያድግ የምፈልግባቸው ቀናት አሉ፣ በተለይ የመኖ ዋጋ ሲጨምር። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። እታለም ግን አንድ ሰው ሊያያቸው፣ ሊሰማቸውና ሊከታተላቸው ከሚችለው በላይ ሰው አንቀበልም ብለው ቁርጥ አድርገዋል።

ግንቦት 7

ከዘጌ ጥሪ መጥቷል። አንድ የቡድኑ አባል ዘመዶቿን ሰብስባለች፣ ቄብ ለመውሰድ ይፈልጋሉ፤ በጀልባ ማጓጓዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። እታለም ሐይቁ ላይ ያለው ነፋስ ያሳስባቸዋል። ጠዋት ማለዳ፣ ሐይቁ ሳይነሳ፣ ካርቶኖቹ በሸራ ተሸፍነው ከጀልባው ወለል ላይ ከተቀመጡ ይሆናል አሉ፤ መጀመሪያ ግን በአንድ ካርቶን እንሞክረው። ለዘጌ ሰዎች ለብቻቸው ቡድን እንክፈት ወይስ ከነባሩ ጋር ይቀላቀሉ የሚለውን ተወያይተን ለብቻቸው እንዲሆን ወስነናል። የመጓጓዣ ሰዓታቸውም፣ የክትባት ቀናቸውም የተለየ ነው፤ ለእነርሱ የሚላከው የአዴቱን ሰው አይጠቅምም። ነገ ለአባሏ ደውዬ የዘመዶቿን ስም፣ የቤታቸውን ሁኔታና በግቢያቸው ያለውን የአገር ዶሮ ብዛት አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ።